ራስ ደጀን፦ ከመውጣቱ በፊት መውረዱ

ጉልበቴ ገና አልተመለሰልኝም። የግራ እግሬ አውራ ጣት ጥፍርም ጠቁሯል። እሱ ሳይወድቅ ይቺን ልጻፍ።

ከደባርቅ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) እና በቅሎ ይዘን ስንነሳ የማስበው የራስ ደጀንን ከፍታ ብቻ ነበር። 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ተማሪ ሳለን 4,620 ነበር የምንለው። በኋላ ሲለካ ዝቅ አለ። ለኔ ግን ምንም አልቀነሰልኝም።

ያላሰብኩት ቁልቁለቱን ነው። ከጨነቅ ካምፕ ተነስተን ቧሂት ተራራ ጋ እስክንደርስ ደህና ነበርኩ። ጅብራው ሥር እየቆምን ፎቶ ስንነሳ፣ ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ይነጫሉ፤ ዞር ብለውም አያዩን። ከዚያ ራስ ደጀን ፊት ለፊት ታየ። እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል።

«ደረስን እኮ!» አልኩ።

ስካውታችን ሳቁ። በዱላቸው ወደ ታች አሳዩኝ። በእኛና በተራራው መሃል ትልቅ ሸለቆ አለ፤ ከሥሩ የመሸሃ ወንዝ ይፈሳል። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደን፣ ከዚያ የወረድነውን ሁሉ እንደገና ልንወጣ ነው። ያኔ ዘፍ ብዬ ቁጭ አልኩ።

«አይዞህ ልጄ፣ ቀስ እያልን ነው» አሉኝ። በሶ ጨብጠው ሰጡኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

አምቢኮ መንደር አድረን ሌሊት 9 ሰዓት ተነሳን። ድንኳኑ ላይ አመዳይ ወርዷል። የመጨረሻዋን ቋጥኝ በእጅ ጭምር ነው የሚወጧት። ጫፍ ስደርስ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ እረኛ ቀድሞን ተቀምጧል፤ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ። በታሪክ ጫፉን ቀድመው እንደወጡ የሚጻፍላቸው ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው፤ በ1841 እ.ኤ.አ.። ልጁን እያየሁ ይሄ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ።

የጫማዬን ዋጋ ጠየቀኝ። ቀንሼ ነገርኩት።

«ዋይ! ሁለት በግ ይገዛል!»

እኔም በተራዬ ጠየቅኩት። ማዶ ያለው ጫፍ ከቆምንበት የሚበልጥ መስሎኛል። ያን ሁሉ ወጥቼ የተሳሳተ ተራራ ላይ ብሆንስ?

«ይመስላል እንጂ አይበልጥም» አለኝ። «የመጣው ሁሉ ይጠይቀኛል።»

ከዚያ ወደ በጎቹ እየዘለለ ወረደ። እኛም ተከትለን ቁልቁል፣ በዳዴ። ጥፍሬ የጠቆረው ያኔ ነው።