ራም ማደባለቅ ማዘርቦርድ ያቃጥላል እንዴ? 😂

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ፒሲ ጋር ስታገል ዋልኩ ባካችሁ። እራሱ የገጣጠማት ናት፣ 8 ጊጋ ራም ነው ያላት፣ ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ፣ ፍጥነቱ ባለ 2400፣ ክሮም ላይ ታብ ሲያበዛ ትንቀራፈፋለች፣ እና ሌላ 8 ጊጋ ልንገዛለት ወጣን ግን የተገኘው ባለ 3200 ሆነ ካምፓኒውም ሌላ። ሻጩ ደግሞ "የተለያየ ከሰካችሁ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል" አይለንም! ኧረ ተው ወንድሜ። ሁለቱም ዲዲአር4 እስከሆኑ ድረስ ፈጣኑ ወደ ቀርፋፋው ይወርዳል፣ በቃ ሁለቱም በ2400 ይሄዳሉ። ዲዲአር3 ቢሆንማ መጀመሪያውኑ ስሎቱ ውስጥ አይገባም፣ ታች ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያያል፣ ቮልቴጁም 1.5 ነው የዲዲአር4 ግን 1.2።

ሁሌ ይስማማሉ ማለት ግን አይደለም። እስቲ እንየው ብለን ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተን ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ራሙን በተሰራለት ከፍተኛ ፍጥነት የሚያስኬደውን ሴቲንግ፣ ስናበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፣ የፈጣኑን ራም ፍጥነትና ታይሚንግ (የምላሽ ጊዜ ልክ) አቅም የሌለው ላይ ሊጭን ሲሞክር እንደዛ ይሆናል። ወንድሜ ፊቱ ገርጥቶ "አለቀላት" ይላል 😅 ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ነቅለን ትንሽ ቆይተን ስንመልሳት የባዮሱ ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ፒሲዋ ተነሳች።

ከዛ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ ሰክተናቸው ዱዋል ቻናል ሆነ፣ ማለትም ሁለቱም ራሞች ጎን ለጎን ባንድ ጊዜ ይሰራሉ። ለኔ ከፍጥነቱ ቁጥር በላይ ትልቁ ትርፍ እሱ ነው፣ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ፒሲ ጌም ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። አሁን ሜምቴስት (ራም መፈተሻ ፕሮግራም) ላይ ናት፣ እስካሁን ኤረር የለም፣ ወንድሜ ደግሞ ስክሪኑ ስር ተቀምጦ ፐርሰንት እየቆጠረ ነው፣ መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ጸልዩልን 🙏