እባካችሁ ክብሪት አትጫሩ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ወር ታናሽ እህቴ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርታ ሳለች ወደቀች። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አንዷ እጆቿን፣ ሌላዋ እግሮቿን ተጭነው ይዘዋታል፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ የጫሩትን ክብሪት አጥፍተው ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግተዋል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ፍም የሞላው የከሰል ምድጃ ከፊቷ የአንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቆ መቀመጡና ማንም ልብ ሳይለው መቅረቱ ነበር። ሴቶቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ከእናቶቻቸው ያዩትን ነው በቅንነት ያደረጉት።

ስለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ትምህርት በታማሚውና በቤተሰቡ ብቻ መቆም የለበትም የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ታማሚው በወደቀበት ሰዓት ራሱን አያውቅምና እውቀቱ መገኘት ያለበት አጠገቡ ባለው ሰው ዘንድ ነው።

እህቴን የጀመራት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ክፍል ውስጥ ስትወድቅ፣ አረፋው የነካው ሰው ይይዘዋል ሲባል እየሰሙ ያደጉት ልጆች እየተጋፉ ወጡ፤ ትምህርት ቤቱም «ሲሻላት ትምጣ» ብሎ ወደ ቤት መለሳት። የሚሻላት የት ሄዳ እንደሆነ ግን የነገረን አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠበል ጠበል ስንዞር ቆየን። በጠበል እናምናለን፣ ዛሬም እንሄዳለን፤ ነገር ግን አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጣሉ ማስተማራቸውን ሳስታውስ፣ ያው ቃል ስለሚጥል በሽታም በየጠበሉ ቦታ ቢነገር ስንት ልጅ ከትምህርቱ ባልቀረ ነበር እላለሁ።

ወደ ጤና ጣቢያ የላከችን ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እዚያ የተሰጣት ፌኖባርቢታል ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሕመም ሲያገለግል የኖረ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ ኪኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ በአግባቡ ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው በሽታው እንዳለበት አግኝተዋል። በዚህ ስሌት 10,000 ሰው በሚኖርበት ሰፈር 50 ያህል ታማሚ ይኖራል ማለት ነው፤ እኔ ግን በሰፈራችን ከእህቴ በቀር አንድም ሰው አላውቅም ነበር።

ለእኛ ትልቁን ድጋፍ የሰጠችን ነርሷ ናት። ኪኒን ቆጥራ አላሰናበተችንም። የወደቀችበትን ቀንና ሰዓት በደብተር እንድንጽፍ፣ ከተቻለም መንቀጥቀጡን በስልክ እንድንቀርጽ ነገረችን፤ ሐኪሙ ዓይነቱን የሚለየው ባብዛኛው ያየ ሰው በሚነግረው ነውና። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንደሚያበዛና በድንገት ማቋረጥ ከባድ አደጋ እንደሚያመጣ አስረዳችን። ለእህቴም ለብቻዋ፣ «እህቴ፣ ትዳር ይዘሽ ለመውለድ ስታስቢ አስቀድመሽ ንገሪኝ እንጂ በራስሽ እንዳታቆሚው፤ ሌላ ቦታ ቫልፕሮኤት የሚባል ከታዘዘልሽም ፅንስ ስለሚጎዳ ደግመሽ ጠይቂ» አለቻት። እህቴ ከዚያ ቀን በፊት ማግባት እንደምትችል የነገራት ሰው አልነበረም። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ ቃል ሳትተነፍስ እጄን ይዛ ነበር የመጣችው።

እናት የውነቱ የተባሉ ሴት ከሕመሙ ጋር እየኖሩ የመሠረቱት ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያን የመሰሉ ማኅበራት ታማሚው በአደባባይ «አለብኝ» ብሎ እንዲናገር መንገድ ከፍተዋል። ከከተማው ዳር ላለን ሰዎች ግን አገልግሎት ፍለጋ ሁለትና ሦስት ታክሲ መቀያየር ይጠይቃል፤ የቀን ሠራተኛ የሆነች እናት ይህን በየወሩ አትችለውም። ስለዚህ ትምህርቱ ሰው ወዳለበት፣ ወደ እድሩና ወደ ትምህርት ቤቱ የጠዋት ሰልፍ መምጣት አለበት እላለሁ።

እኔም የእድራችንን ዳኛ ለምኜ በወር ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ። የተናገርኩት አጭር ነው። እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ በግድ አትያዙት፤ ማንኪያም ሆነ ጣት በአፉ አትክተቱ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፤ ሰዓት እዩ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ክብሪት ግን እባካችሁ አትጫሩ፣ ጢሱ አያነቃውም። አንድ አባት ተነስተው «አይተላለፍም ነው የምትይን?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አባባ፣ በአረፋውም በትንፋሹም አይተላለፍም» አልኳቸው። ከስብሰባው በኋላ ሁለት እናቶች ደረጃው ሥር ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጆቻቸውን የት እንደሚወስዱ ጠየቁኝ።

ባለፈው ወር መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ጠፍቶ፣ ከግል ፋርማሲ እስክናገኝ ሦስት ቀን ዘለላት፤ በሦስተኛው ቀን የብሎካችን መግቢያ ላይ ወደቀች። ወርጄ ስደርስ ያኔ ክብሪት የጫሩት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሷ ሥር አድርገውላት፣ ልጆቹን ከአካባቢው አርቀው፣ በጎኗ አስተኝተዋት አጠገቧ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን እያዩ «ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው የቆየባት ልጄ፣ አሁን እየነቃች ነው» አሉኝ።