በደላላ ስም የኖረችው ልጅ

በፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ ለሚጽፍ ሰው የስም ለውጥ ቀላል ሥራ ነው። ብዙዎቹ ቅጹን ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀምጠውታል። የአመልካቹን ስም ያስገቡና ያትማሉ። ምክንያቱም ያው አንድ ነው፦ «ስሜ ለአጠራር የማይመች በመሆኑና ጓደኞቼ ስለሚቀልዱብኝ»። ከሥር «ያቀረብኩት አቤቱታ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ይባልና ይፈረማል። እኔ ያንን ምክንያት ለማንም ጽፌ አላውቅም። ከጎኔ ካለው ጠበቃ ጋር የተኳረፍነውም በዚሁ ነው።

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ጠረጴዛዬ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልቆመም። ይህቺ ልጅ ግን የመጣችው በቅርቡ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ዘሃራ ልበለው፣ እናቷ ያወጣችላትን ደግሞ አስካለ። ሁለቱንም ቀይሬያቸዋለሁ። ወደ ሳዑዲ የላካት ደላላ የሷን ስም ብቻ ሳይሆን የአባቷንም የአያቷንም ቀይሮታል። ዕድሜዋም ተጨምሯል። ፓስፖርቱን ስገልጠው ፎቶው ላይ ያለችው ሻሽ የጠመጠመች ሕፃን ናት፤ ከጎኑ የሰፈረው የልደት ዘመን ግን የ22 ዓመት ሴት ያደርጋታል። ያኔ እውነተኛ ዕድሜዋ 15 ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 2008 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከገጠር የወጣች ልጅ የልደት መዝገብ የላትም። ደላላ እንዳሻው የሚያደርጋት ለዚህ ነው።

ጅዳ ስትሠራ ያጠራቀመችው ብር ባንክ የተቀመጠው በዘሃራ ስም ነው። በዚያ ብር እንጀራ መጋገሪያ ልትከፍት አስባለች። አባቷ ደግሞ እሷ እዚያ ሳለች ሞተዋል። የወራሽነት ማስረጃ ልታወጣ ስትሄድ «የሟች ልጅ ነኝ ትያለሽ፣ መታወቂያሽ ላይ ግን አባትሽ ሌላ ነው» ተብላ ተመልሳለች።

ጉዳዩን እየሰማሁ ማስታወሻ ስይዝ ጠበቃው ወንበሩን ስቦ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄን ምን ያስረዝመዋል? ከዘሃራ ወደ አስካለ ይለወጥልኝ ተብሎ በአንድ ገጽ ያልቃል። ምክንያቱን እንደ ሌላው።»

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «እሱ ይሻላል እንዴ እትዬ?»

አይሻልም። ለምን እንደማይሻል ለሷም ለሱም አስረዳሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቂ ምክንያት ላለው ሰው ስም መለወጥን ፈቅዷል፤ ፍርድ ቤቱም ለውጡ ሌላውን ሰው የሚጎዳ እንዳይሆን ይጠነቀቃል። «ዘሃራ ነበርኩ፣ አስካለ ልሁን» ብላ ውሳኔ ብታገኝ ግን በዚያ ወረቀት መሠረት የአባቷ ልጅ የሆነችው ገና ዛሬ ነው። ነገ ውርስ ላይ አንድ ዘመድ ተነስቶ «ስሙን ፍርድ ቤት ነው የሰጣት፣ እኛ አናውቃትም» ቢል ምን ትመልሳለች? መጠየቅ ያለባት ሌላ ነው፦ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥላትና ከእንግዲህ በትውልድ ስሟ እንድትጠራ። ያ ደግሞ የሆነውን ነገር ከስሩ ሳይተርኩ አይሆንም።

ጠበቃው ተቆጣ። «በሐሰት ስም ፓስፖርት ይዣለሁ ብላ በፊርማዋ ስታረጋግጥ፣ ዓቃቤ ሕግ ቢጠራትስ? እርስዎ ነዎት የሚቆሙላት?»

ይህ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኔም እዚያው አልሸሸግኳትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊነሳ እንደሚችል፣ ውሳኔው የራሷ እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለች፤ ፓስፖርቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ቦሌ እስክንደርስ መኪና ውስጥ ስሙን ሲያስደግመኝ ነበር። የራሴን ቶሎ ያዝኩት፤ የአባቴን ስሳሳት ይቆጣኛል። እዚያም ሆኜ ለአባቴ ተዝካር ብር ስልክ ደረሰኙ የሌላ ሰው ልጅ ነው የሚለኝ። ሌላ ውሸት አይጨምሩብኝ። እንዳለ ይጻፉልኝ።»

የመኪናውንም የደረሰኙንም ነገር ጻፍኩት፣ በራሷ አነጋገር። የሕግ ቃል ሳበዛ የሷ ነገር እንዳይጠፋ ስል መልሼ መላልሼ አነበብኩላት። ማስረጃ ብለን ያያያዝነው ከገጠር የመጣውን የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቀበሌውን ደብዳቤና የፓስፖርቱን ቅጂ ነው። ምስክሮቿ የክርስትና እናቷና አንድ የአባቷ ጎረቤት ናቸው። ከሥር 92 መጣች፤ ፈረመች።

መዝገቡን ልታስከፍት የገባችበት ክፍል ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ሳያነብ ቀና ብሎ አያትና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አሻራሽን ሰጥተሽ ተባረሽ ነው አይደል? ስም ቀይረሽ ልትመለሽ ነው?» አላት። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከሁሉም ይሄ ነው። ገጹን ገልጦ ሁለት መስመር ቢያነብ ኖሮ ወደ ገዛ ስሟ ልትመለስ እንደመጣች ያየው ነበር። ከዓረብ አገር የመጣች ሴት ሁሉ የምትሸሽ ወይም የምታታልል የምትመስላቸው ሰዎች በየቢሮው አሉ። አቤቱታ የሚጻፈው ሊነበብ ነው። መቀበያው መስኮት ላይ ሰው ፊቱ ታይቶ የሚፈረድበት ከሆነ የእኛ ልፋት ለምን አስፈለገ?

ችሎት ላይ ዳኛዋ የጠየቋት ጠበቃው የፈራውን ጥያቄ ነው፦ ስሙ ያንቺ እንዳልሆነ ታውቂ ነበር? አውቅ ነበር አለች፤ ያኔ ዕድሜዋ ስንት እንደነበርም ተናገረች። ምስክሮቹ ተሰሙ፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ወጣ፤ የቀረበ አልነበረም። ሁለቱም ስሞች የአመልካቿ መሆናቸው ተረጋግጦ በትውልድ ስሟ እንድትጠራ ተወሰነላት። ዓቃቤ ሕግም አልጠራት።

ሰው ውሳኔ ሲይዝ ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የልደት ምዝገባው አለ፣ የቀበሌ መታወቂያው አለ፣ ፓስፖርቱ አለ፣ ባንኩ አለ። ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመዘገበችው በዘሃራ ስም ነበርና እንደ አዲስ ልመዝገብ ብትል አይቻልም፤ አሻራዋና የዓይኗ ምስል ተይዟል፣ ሥርዓቱ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አይመዘግብም። የሚቻለው ውሳኔውን አቅርቦ ስሙን ማስተካከል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ግልባጭ ስለሚጠየቅ ለደንበኞቼ ሁሉ ከመዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበት ከአንድ በላይ አውጡ እላለሁ። እሷም እንደዚያው አደረገች። ባንኩ ብሯን ወደ ስሟ አዛወረላት፤ መጋገሪያዋ ተከፍቷል። የውርሱ ጉዳይ ገና በቀጠሮ ላይ ነው።

ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሌላ ሴት «እንደ አስካለ ይጻፉልኝ» ብላ መጣች። ከስሩ ስጠይቃት የሆነውን ምንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ከሪያድ አሻራዋን ሰጥታ ተባራለች። ሦስት ልጅ እናቷ ጋ አለባት፤ በአዲስ ስም አዲስ ፓስፖርት አውጥታ ልትመለስ ነው። ደላላው «ስሙን ብቻ ጨርሽ፣ ሌላው በኔ» ብሏታል። ስም ቢለወጥ ጣቷ ያው እንደሆነ፣ አየር ማረፊያ ላይ ጣቷን እንዳስቀመጠች እንደምትያዝና ለደላላው የከፈለችው ገንዘብ ተበልቶ እንደሚቀር ነገርኳት። «ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። የነገረችኝን እንዳለ ብጽፈው ማንም ዳኛ በቂ ምክንያት ብሎ አይቀበለውም፤ ለውጬ ብጽፈው ደግሞ ከሥሩ 92 አለ። አልጽፍም አልኳት፤ ስለ ልጆቿ የሚረዷት ሰዎች ጋ ላገናኝሽ ብላት አልሰማችኝም።

ጠበቃው ጻፈላት፤ ስሟ ለአጠራር ስለማይመች ብሎ። እኔ ግን ነገም ተመልሳ ብትመጣ ያንን አልጽፍላትም።