ግንባራቸውን ተመትተው ለተመለሱት፣ መልካም አዲስ ዓመት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለቻይናውያን አዲስ ዓመት አደረሳችሁ! ሺንኒየን ኳይለ! እዚያ የምትኖሩ፣ እዚያ የምትማሩ፣ ተምራችሁም የተመለሳችሁ፣ በዓሉ የደስታ ይሁንላችሁ።

ዘንድሮ ከመልካም ምኞቴ ጋር አንድ ተረት ልኬላችኋለሁ። ቢጫ ወንዝ በገደል መሀል ተጨንቆ ሲወርድ ይቆይና ሎንግመን፣ የዘንዶ በር ከሚባለው ቦታ ሲደርስ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይንጣለላል። ተራራውን ሰንጥቆ ለጎርፉ መውጫ ያበጀለት በጥንቱ ተረት የሚታወቀው ንጉሥ፣ ታላቁ ዩ ነው ይላሉ። ጎርፉን ለመግታት ሲደክም በደጁ ሦስት ጊዜ አልፎ አንዴም ቤቱ ያልገባው ዩ።

በየዓመቱ ካርፕ የሚባሉት ዓሦች ሽቅብ እየዋኙ እዚያ ይሰበሰባሉ። ዘሎ በሩን ያለፈ ዘንዶ ይሆናል። (እኛ ዘንዶ ሲባል የሚታየን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው ነው። የቻይናው ግን ዝናብ የሚያወርድ፣ የበረከት ፍጥረት ነው።) አንድ የቆየ ትረካ እንደሚለው የሚያልፉት በዓመት ከ72 አይበልጡም። ያለፈውን ዓሣ ደመናና ዝናብ ይከተለዋል። ከኋላው የሰማይ እሳት ወርዶ ጭራውን ያቃጥለዋል። ዘንዶ የሚሆነው ያኔ ነው። ይህ የተቃጠለ ጭራ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ያለፈውም ቢሆን በነጻ አላለፈም።

ያላለፉትስ? ግንባራቸው ላይ ምልክት ይዘው ይመለሳሉ። የእኔ ልብ ያለው ከእነሱ ጋር ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ታላቁ ባለቅኔ ሊ ባይ በአንድ ግጥሙ ስለ እንዲህ ያለ ካርፕ ጽፏል። ግንባሩን ተመትቶ፣ ዘንዶ ሳይሆን ቀርቶ፣ ከተራ ዓሦች ጋር ሊኖር ስለተመለሰ ካርፕ። የሚናገረው ስለ ራሱ ነበር።

በሩ ለዘመናት የመንግሥት ሹመት ፈተና ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ፈተናው የቀረው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ጸሐፊው ፑ ሶንግሊንግ ገና በወጣትነቱ የዚህን ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ አለፈ። ቀጣዩን ግን ደጋግሞ ወደቀ። የሌሎች ሰዎችን ልጆች እያስተማረ፣ የቀበሮና የመንፈስ ተረቶች እየጻፈ አረጀ። አነስ ያለች ማዕረግ ያገኘው 70 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ተረቶቹ ዛሬም ይነበባሉ። ይህን የማነሳው «ሁሉም ለበጎ ነው» ለማለት አይደለም። ሰውየው ማለፍ ይፈልግ ነበር፤ መውደቁም አንገብግቦታል።

ዛሬም ያው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በቻይና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተመዘገበው ተማሪ ከ13 ሚሊዮን በላይ ነበር። በአዲስ ዓመቱ ዋዜማ ራት ላይ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ከነጭራው ይቀርባል። ጭንቅላቱ ወደ ታላቅ ሰው ይዞራል። ሙልጭ አድርጎ መብላት የለም፣ ለነገ መትረፍ አለበት። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ውጤት ስንት መጣ? ደመወዝ ስንት ነው? መቼ ነው የምታገባው? ዘንድሮ ያልተሳካለት ልጅም እዚያው ማዕድ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ የዘንድሮ ምኞቴ በቅድሚያ ለእናንተ ነው። ፈተና ለወደቃችሁ፣ ቪዛ ለተከለከላችሁ፣ ስኮላርሺፑ ለቀረባችሁ፣ ሱቃችሁን ለዘጋችሁ። እኔ ምንም አልጠይቃችሁም። ብቻ በደንብ ብሉ፣ በደንብ ተኙ። ያለፋችሁም እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ምን እንዳስከፈላችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በዓሉ እስከ ፋኖስ በዓል ድረስ 15 ቀን ነው። ጊዜ አለንና ማውራት የፈለጋችሁ ደውሉልኝ።