የአየር ንብረት ግብን ከበጀትና ከታክስ ጋር ያገናኘንበት መንገድ

በመንግሥት በጀት ዝግጅት ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የከበደኝ የወጪና የታክስ ውሳኔዎችን ከአየር ንብረት ግቦች ጋር ማጣጣም ነበር። ግቡ በስብሰባ ይጸድቃል፤ ገንዘቡ ግን የሚመደበው አምና እንደተመደበው ነው።

ሥራውን የጀመርነው ከወጪ መደቦች ነው። መነሻ የሆነን ኔፓል ከ2012/13 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትጠቀምበት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለአየር ንብረት ሥራ ያለውን ድርሻ የሚያመለክት የበጀት ኮድ ነበር። በዚያ አሠራር ከአንድ ፕሮግራም ገንዘብ ከ60 በመቶ በላይ ለአየር ንብረት ሥራ ከዋለ ፕሮግራሙ «በእጅጉ የሚመለከተው» ይባላል፤ ከ20 እስከ 60 በመቶ ከሆነ «የሚመለከተው»፤ ከዚያ ካነሰ ገለልተኛ ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎጂውን ወጪ አያሳይም። ስለዚህ ፈረንሳይ ከ2021 በጀቷ ጋር ያቀረበችውን አካሄድ ጨመርንበት፤ እሷ ጎጂ ወጪዎችንና የታክስ ቅናሾችንም ፈርጃለች።

ምደባው የመደቡን ስም አንብቦ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። «የገጠር መንገድ ጥገና» የሚለውን ውሰዱ። ዝርዝሩ ሲከፈት ከፊሉ ገንዘብ ከባድ ዝናብ እንዲችሉ ቱቦዎችን ለማስፋትና ድልድዮችን ከፍ ለማድረግ የተያዘ ነው፤ የቀረው የተለመደ ጥገና ነው። ኮዱ ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ይገባል። መሥሪያ ቤቶች ግን ሙሉው መደብ አረንጓዴ እንዲባልላቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዝርዝር ሥራውንና ዋጋውን ለይቶ ያላቀረበ ኮድ አያገኝም የሚል ደንብ አወጣን፤ ክርክሩም በአብዛኛው በረደ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የታክሱ ወገን ነው። ወጪውን ብቻ ስናይ ሥዕሉ ያማረ ነበር። ከገቢ ባልደረቦቻችን የቀረጥ ነፃ መብቶችን ዝርዝር ስንቀበል ነገሩ ተለወጠ። በበጀቱ ውስጥ በሶላር የሚሠሩ የመስኖ ፓምፖችን የሚደግፍ ፕሮግራም አለ። የናፍጣ ፓምፕ ደግሞ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ የሶላሩ ፓምፕ መቆጣጠሪያና መለዋወጫ ግን ቀረጥ ይከፍላል። በአንድ እጅ የምንደግፈውን በሌላው እየገፋን ነበር። ወጪ በየዓመቱ ይጠየቃል፣ ይከራከሩበታል፣ ይጸድቃል። ያልተሰበሰበ ታክስ ግን በበጀት መጽሐፉ ላይ ስለማይታይ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነፃ መብት ያሳጣውን ገቢ ከገባው ዕቃ ዋጋና ከቀረጡ ምጣኔ አስልተን ከወጪው ጎን በአንድ ሰንጠረዥ አቀረብን፤ ለእያንዳንዱም የማብቂያ ቀን እንዲቀመጥለት ጠየቅን።

ስለ ነዳጅ ድጎማ ስንነጋገር ቁጥር መምረጥም ያስፈልጋል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለ2022 ያወጣው 7 ትሪሊዮን ዶላር በብክለትና በአየር ንብረት ላይ የሚደርሰውን ያልተከፈለ ጉዳት ይጨምራል። ከማቅረቢያ ወጪ በታች በመሸጥ የተደጎመው 1.3 ትሪሊዮን ያህል ነው። ለበጀት ሰው ሁለተኛውን ይዤ እቀርባለሁ፤ ለውይይቱ ይበልጥ ቅርብ ነውና።

የነዳጅ ዋጋ ከመነካቱ በፊት ለቤተሰቦች የሚሰጠው ማካካሻ ዝግጁ መሆን አለበት። መኪና የሌለው ቤተሰብም በትራንስፖርትና በእህል ዋጋ ይጎዳል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2008 የካርቦን ታክስ ስትጀምር በአንድ ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 10 የካናዳ ዶላር አድርጋ ጭማሪውን አስቀድማ አሳወቀች፤ ገቢውንም በገቢ ግብር ቅነሳና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በሚሰጥ ክፍያ መለሰች። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ እደግፋለሁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ጣሪያ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ ሊጠይቅ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ከተወሰነ በኋላ የሚሰጥ ኮድ ሪፖርት ያስጌጣል እንጂ ውሳኔ አይለውጥም። የአየር ንብረቱን ጥያቄ መሥሪያ ቤቶች በጀት እንዲያቀርቡ በሚላከው የበጀት ጥሪ ደብዳቤ ውስጥ ካስገባን በኋላ ነው መሥሪያ ቤቶች አማራጭ ይዘው መምጣት የጀመሩት። የቀረው ክፍተት በዓመቱ አጋማሽ ገንዘብን ከአንድ መደብ ወደ ሌላ ለማዛወር የሚደረገው የበጀት ዝውውር ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቆረጠው የጎርፍ መከላከያውና የደን ሥራው ነበርና። አሁን የዝውውር ጥያቄ ቅጹ ላይ የሚቀነሰው መደብ ኮድ እንዲጻፍ እናስገድዳለን፤ የሚያጸድቀው ኃላፊም ያንን አይቶ ይፈርማል።