አሸንዳውን የሚደበድበው ማን ነው?

በብርዱ ወራት መካከል በረዶው ያለጊዜው ቀልጦ ካፖርት ሳይለብሱ ጓሮ መቀመጥ ሲቻል፣ ከእኔ ይበልጥ የተደሰቱት ወፎቹ ነበሩ። ድንቢጦች በቀለጠው በረዶ ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቁ ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ወንዱ እርግብ ደረቱን ነፍቶ በሴቷ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ እርሷ ግን ጥሬዋን ከመልቀም ቀና አትልም። ግንደ ቆርቁሩ ደግሞ የጓሮውን ዛፎች ሁሉ ንቆ የቤቴን የቆርቆሮ አሸንዳ መረጠ።

ይህ ወፍ ሁልጊዜ የሚቆረቁረው ትል ፍለጋ አይደለም። ቀኑ መርዘም ሲጀምርና ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ክልሉን ለማስከበርና ተጓዳኝ ለመጥራት ድምፁን አጉልቶ የሚያስተጋባለት ነገር ፈልጎ ይደበድባል፤ በዚህ ረገድ ደግሞ ቆርቆሮን የሚያህል ዛፍ የለም። በሰከንድ እስከ 20 ጊዜ ሊመታ ይችላል፤ ራስ ምታቱን ግን ለቤቱ ባለቤት ይተወዋል።

ገና ጎህ ሲቀድ አዛውንቱ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ምስማር የምትመታው ምን ቸግሮህ ነው?»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ወፍ ነው» ብዬ አሸንዳውን በጣቴ አሳየኋቸው። ከደቂቃ በፊት ሰፈሩን ሲያናውጥ የነበረው ወፍ ምንቃሩን ሰብስቦ፣ አገር አማን ነው እንደሚል ሁሉ ላባውን ያበጥር ጀመር። ጋሼ ወፉን አዩት፤ ቀጥሎም እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። የግቢያቸው በር እንደተዘጋ ድብደባው ቀጠለ።

ድምፁን ለማፈን አሮጌ ብርድ ልብስ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። የወጣሁበት ፍጥነት ያስደነገጠው ወፍ በርሮ ጠፋ፤ አሸንዳውን የሞላው የቀለጠ በረዶ ግን እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ወገቤ ድረስ ወረደ። እየተንቀጠቀጥኩ ብርድ ልብሱን በገመድ ሳስር፣ ጋሼ ከታች ሆነው ወደ እኔ ሲያንጋጥጡ አገኘኋቸው።

«ወፉ አንተ ነህ ማለት ነው?» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጥ ከእርሳቸው ጣሪያ የቆርቆሮ ድብደባ ተሰማ። ጋሼ ዘወር ብለው ጣሪያቸውን አዩ፤ ከዚያም ተመልሰው ሁለቱንም እጆቼን በጥንቃቄ መረመሩ።

«መዶሻውን ለማን ሰጠኸው?»