ከአልጋ ላይ የሚከበር ልደት

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከደሴ ሆኜ ይህን መልእክት ስጽፍላችሁ በልቤ የሚመላለሰው በጣሊያን አገር፣ ከአሲዚ ከተማ በታች በወይራ ዛፎች መካከል ተዳፋቱ ላይ ያለው የሳን ዳሚያኖ ገዳም ነው።

አርጅቶ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን በእጁ የጠገነው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1212 በሆሳዕና ሌሊት ከባለጸጋ ወላጆቿ ቤት ወጥታ የመነነችው ቅድስት ክላራ እዚያ ገብታ 40 ዓመት ያህል ኖራበታለች። ያን ጊዜ በላስታ የነገሠው የእኛው ቅዱስ ላሊበላ ነበር።

ከክላራ ጋር በገዳሙ የሚኖሩት ደናግል ርስት አልነበራቸውም፤ የሚኖሩት በእጃቸው ሥራና በምጽዋት ነበር። ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ፤ ከመኝታ ጸሎት እስከ ሦስት ሰዓት ጸሎት ድረስ በዝምታ ይቆያሉ። ክላራ አለቃቸው ሆና ሳለ መብራት የምታበራውና ደወል የምትደውለው ራሷ ነበረች፤ ከውጭ ለሚመለሱት እኅቶችም እግራቸውን ታጥብ ነበር። ሕመም ከጣላት በኋላ እንኳ፣ 28 ዓመት ያህል ስትማቅቅ፣ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ትፈትል ነበር፤ ከፈትሏም ለቅዳሴ የሚሆን ስስ ጨርቅ እየተሠራ በሜዳና በተራራ ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ይላክ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናቴ ከነባዘቶዋና ከነእንዝርቷ ትታየኛለች።

በ1252 የልደት ሌሊት እኅቶቿ ለጸሎት ሲወርዱ ክላራ መነሣት አቅቷት ብቻዋን ቀረች። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ከከተማው ማዶ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን የሚዜመውን ማኅሌት ከተኛችበት ሰማች፤ ግርግሙንም አየች። ያ ልደት የመጨረሻዋ ነበር፤ በ1253 ዐረፈች። በሩቅ የሚደረገውን ከአልጋዋ ሆና ስላየችም ፓፓ ፒዮስ 12ኛ በ1950ዎቹ መጨረሻ የቴሌቪዥን ጠባቂ ቅድስት ብለው ሰየሟት።

እናቴ በወጣትነቷ ለገና በእግሯ ላሊበላ ትሳለም ነበር፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ያየችውን እስከ ዛሬ ትተርክልናለች። አሁን ጉልበቷ ስለከዳት ከቤት አትወጣም። ባለፈው ዓመት ቴሌቪዥኑን ወደ አልጋዋ ሳስጠጋላት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ተቀመጠች፤ ቡና ሲቀርብላትም «ቆዩ፣ ገና አላለቀም» አለችን። እንኳን አደረሰሽ ልትላት የመጣችው ሙስሊም ጎረቤታችንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቧ ተቀመጠች።

ዘንድሮም ነጠላዋ ታጥቦ ተዘጋጅቷል። በሕመም፣ በእርጅና፣ በስደት ወይም በተረኛ ሥራ ከደጀ ሰላሙ ርቃችሁ ይህን ለምታነቡ ሁሉ መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።